የናፍታዋ መኪናችን ፋሻ

አሮጌዋ የናፍታ መኪናችን ዘይት መብላት ከጀመረች ከርማ ነበር። ወደ ኩልመስክ የሚወስደውን ዳገት ስትወጣ የምትተፋው ሰማያዊ ጭስ ከኋላ ያለውን መንገድ ይጋርደዋል። በመጨረሻ ጉልበት አጣችና ግቢያችን ውስጥ ቆመች።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ ሽማግሌ ናቸው። ዐይናቸው ደክሞ አሁን ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለዩት። ሞተሩን ሳስነሣላቸው አዳመጡት።

«ፋሻዋ አልቋል» አሉ።

«ፋሻ? ቆስላለች እንዴ?» አለች ባለቤቴ እየሳቀች።

«የፒስተኑ ቀለበት ነው ልጄ። እሱ ሲያልቅ ዘይቱ ሽቅብ ይወጣል። እዚሁ እንቀይረዋለን።»

«ማን ነው የሚቀይረው?» አልኩ ደንግጬ።

«አንተ ነሃ! እኔ እነግርሃለሁ።»

ፋሻውን ከደሴ አስመጣሁ። ሞተሩን ከላይም ከታችም ከፍቼ አራቱን ፒስተኖች ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው የፈታሁትን ብሎን ሁሉ እየተቀበሉ በየጣሳው ይለያሉ። አዲሶቹን ቀለበቶች አጥልቄ ስሰጣቸው ሦስተኛውን ፒስተን በጥፍራቸው ዳሰሱና ቆም አሉ።

«ይቺ ተገልብጣለች። ቀለበቷ ላይ የተቀረጸችው ፊደል ወደ ላይ ነው የምትሆነው።»

አጎንብሼ አየሁ፤ እውነታቸውን ነው። አፈርኩ፤ ደስም አለኝ።

ፒስተኖቹን መመለስ ግን አልሆን አለ። ቀለበቶቹ እየተከፈቱ የሲሊንደሩ አፍ ላይ ይይዛሉ። ባለቤቴ ጥቂት አየችንና ከጓዳ ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዛ መጣች። ጣሳውን በመቀስ ቆርጣ፣ ዘይት ቀብታ፣ ፒስተኑን በቆርቆሮው እንደ ሕፃን ጥብቅ አድርጋ ጠቀለለችው። በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሳደርገው ሹልክ ብሎ ገባ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ስነዳ እንዲህ ያለ ረዳት አላገኘሁም!» አሉ ሽማግሌው በሳቅ እየተንከተከቱ።

ገጣጥመን በጨረስን ማግስት ጠዋት ባትሪው ደክሞ ሞተሩን አላስነሣ አለ። ከቅዳሴ የሚመለሱ ካህናት በበራችን ሲያልፉ፣ «አባቶቼ፣ እባካችሁ ግፉልን» አልኳቸው። ነጠላቸውን አደግድገው ቁልቁል ገፏት። ተንገጫግጫ ተነሣች፤ ስንገጥም የቀባነው ዘይት ተቃጥሎ ነጭ ልብሳቸውን በጭስ ሸፈነው።

«ዛሬስ እናንተ አጠናችሁን!» አሉ አንዱ ቄስ እያሳሉ። ሁላቸውም ሳቁ።

ሽማግሌው ከጎኔ፣ ባለቤቴ ከኋላ ሆነው ዳገቱን ያዝን። እሳቸው በጆሯቸው እየተከተሉ፣ «አሁን ሁለተኛ ማርሽ... አትቸኩል፣ አዲስ ፋሻ ቀስ ብሎ ነው የሚለምደው» ይሉኛል።

«ጭስ የለም! ምንም የለም!» ብላ ባለቤቴ በኋላ መስኮት እያየች ጮኸች።

ልመለስ ስል ሽማግሌው ክንዴን ያዙኝ። «ትንሽ ንዳ እስቲ» አሉ፤ መስኮቱን ከፍተው ነፋሱን በፊታቸው እየተቀበሉ። ለሙከራ የወጣን ሰዎች ምሳችንን ኩልመስክ በላን።