ክዳኑ ግጥም የሚለው ጀሪካን

ባለፈው ሐሙስ... ባኮ፣ አምስተኛ ክፍል፣ ሳይንስ እያስተማርኩ ነው። ርዕሱ የውሃ ብክለት። እኔ ደግሞ በጠመኔ ብቻ ማስተማር አይሆንልኝም። «ቤታችሁ ካለው ውሃ ንጹሑን በሃይላንድ ይዛችሁ ኑ» ብያቸው ነበር።

ከወንዝ ያመጣኋቸውን ትናንሽ ዓሣዎች በየብርጭቆው ጨመርን። መጨረሻ ላይ አንዱ ውስጥ ሳሙና ጠብ አድርጌ ላሳያቸው ነበር ሐሳቤ። ሳሙናውን ገና ሳልነካው የጫልቱ ዓሣ ተገለበጠ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ጨመርኩ... እሱም ሞተ።

«ጫልቱ፣ ከየት ነው የተቀዳው?»

«ከቦኖው ነው ቲቸር! የቤታችን ንጹሕ ውሃ እሱ ነው» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

አጠገቧ ያለችው ሌንሳም ከዚያው ቦኖ ነው የቀዳችው፤ የሷ ዓሣ ግን ይዋኛል። ትምህርት ሲያልቅ ከጫልቱ ጋር ቤቷ ሄድኩ።

እናቷ አዴ ብርቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትንሹን ልጇን ሮባን በኩባያ ታጠጣለች። ልጁ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል።

«ሳምንቱን ሙሉ ማስመለስ ነው ቲቸር። ጤና ኬላ ለምለም የሚባለውን ዱቄት ሰጡኝ፣ በውሃ በጥብጬ እሰጠዋለሁ... ይብስበታል እንጂ አይሻለውም።»

«በየትኛው ውሃ?»

ጥግ ላይ ያለ ነጭ ጀሪካን አሳየችኝ። «ይሄ ክዳኑ ግጥም ይላል፣ አቧራ አያስገባም። ለሱ ብቻ ነው የማስቀምጠው። ዛሬ ለጫልቱም ከዚሁ ነው የቀዳሁላት።»

የተለጠፈበት ወረቀት ተፍቆ ቁራጩ ብቻ ቀርቷል። ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት። በቆሎ ላይ ለተምች የሚረጨው ኬሚካል!

«አዴ ብርቄ፣ ይሄ እኮ የመርዝ ዕቃ ነው!»

«አጥቤዋለሁ እኮ! በአመድ፣ በአሸዋ፣ በፈላ ውሃ...» አለች። እጇ ላይ ያለውን ኩባያ አየችው። «ያ ዋቀዮ!» ብላ ልጁን አቅፋ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። ጫልቱም እያለቀሰች ተከተለቻት።

እኔ ቢላ ፈልጌ ጀሪካኑን መቀዳደድ ጀመርኩ። ተናድጃለሁ... በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ጎረቤት ያለች ሴትዮ በአጥር ብቅ አለች።

«ውይ ቲቸር፣ ምን ነካህ? ደህናውን ጀሪካን! ካልፈለጋችሁት ለኔ አትሰጡኝም ነበር?»

ሮባ እስካሁን ሆስፒታል ነው። ሐኪሞቹ «እንጠብቅ» ከማለት ሌላ የሚነግሩን ነገር የለም።

ዛሬ ገበያ ወጣሁ። ነጫጭ ባዶ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፣ የተፋቀ ወረቀት ቁራጭ እንደተለጠፈባቸው። ሻጩ አንዱን አነሳልኝና... «ይሄን ውሰድ ቲቸር፣ ክዳኑ ግጥም ይላል።»