ከዘጠኝ ሦስት ምረጥ

ሊይዙኝ ሲመጡ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የእጅ ፓምፕ እየሣልኩ ነበር። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ ሥዕሉን እስክጨርስ ጠበቀኝ። በዚያ አገር ካየኋቸው ባለ መለዮዎች ጨዋ የምለው እሱን ብቻ ነው። «መምህር፣ ገዥው ይፈልጉዎታል» አለኝ። ጠመኔውን አስቀምጬ ተከተልኩት።

የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። አዲስ አበባ አራት ዓመት መካኒካል ምህንድስና ተምሬ፣ አምስተኛውን ከመጀመሬ በፊት እንደ ደንቡ አንድ ዓመት ገጠር እንዳስተምር ተልኬ ነበር። የደረሰችኝ ከእስቴ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ እሷ ምን አደረገችኝ? ጥፋቴ አቤቱታ መጻፌ ነው። ገዥው ገበሬውን በእርሻ ወራት ከበሬው ነጥሎ የራሱን ቆርቆሮ ቤት ያሠራው ነበር። ይህን በሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ አንድ መሪጌታ ደግሞ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለሕዝብ አነበቡት።

ገዥው ቁመቱ አጭር ስለሆነ ከወንበሩ እግሮች ሥር ሣንቃ አስገብቶ ነበር የሚቀመጠው። ሻንጣዬን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፎታል፤ ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ማስመሪያ፣ ከኮሌጁ የመጣ አንድ ፖስታ። ፖስታው ውስጥ ያለው ለአምስተኛው ዓመት ትምህርት የምመርጥበት ቅጽ ነው። ዘጠኝ ትምህርቶች ተደርድረዋል፤ ተማሪው ሦስቱን መርጦ ይፈርማል፣ አማካሪውም ይፈርምበታል። በሰኔ መጨረሻ ያልደረሰ አይመዘገብም። ገዥው እንግሊዝኛ ትንሽ ይሞካክራል። የገባው ግን «ከዘጠኝ ሦስት ምረጥ» የሚለው ብቻ ነበር።

«ዘጠኙ እነማን ናቸው?» አለኝ።

«ትምህርቶች ናቸው።»

ወደ ጸሐፊው ዞረ። «በዚህ ወረዳ ስንት ሹም አለ?»

ጸሐፊው በጣቱ ቆጠረና «ከእርስዎ ጋር ዘጠኝ» አለ።

ሁለቱም አፍጥጠው አዩኝ። ከዘጠኙ ሹሞች ሊገደሉ የታሰቡትን ሦስት የምመርጠው እኔ መሆኔ ነው! ሳቄን በጥርሴ ያዝኩት። እንዲያ ያለ ጅል አገር እንዲገዛ የሾመውን ሰው ብዙ ቀን አስቤዋለሁ፤ ምናልባት ከሿሚውም ወንበር ሥር ሣንቃ ነበረ።

አስረዳሁት። የአውሮፕላን ሞተር የሚባል አለ፣ ማቀዝቀዣ የሚባል አለ፣ ብረት እንዴት እንደሚጠነክርና እንደሚለዝብ የሚያስተምርም አለ አልኩት። አሁን የሱ ተራ ሆነ፤ እስኪያስለው ሳቀ።

«ሰምተሃል ጸሐፊ? የሰው ልጅ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ቀጥቃጭ ይሆናል! በሉ፣ ከዚያ ከቡዳው ጋር ቁራኛ አድርጋችሁ እሰሩልኝ። ይማር!»

እስር ቤቱ ቀድሞ የበቅሎ ጋጣ ነበር፤ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ በሽንት ጨው ነጥቷል። አሥር ያህል ገበሬዎች በአንድ ወገን ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መሪጌታው ብርሃን በሚገባባት ስንጥቅ ሥር ናቸው፤ አቤቱታውን ያነበቡት እሳቸው። በሌላው ጥግ፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ፣ ማንም ያልተጠጋው አንድ ሰው ብቻውን ነበር። ቀጥቃጩ ነው። ግራ እግሬን ከቀኝ እግሩ ጋር በሰንሰለት አሰሩት።

መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ሰንሰለቱ እስከፈቀደልኝ ድረስ መራቅ ነበር። አራት ዓመት ስለ ብረት የተማርኩት እኔ።

«ምን አድርገህ ገባህ?» አልኩት። አባቴን የሚያህለውን ሰው።

«እግር ብረት ሥራ አሉኝ። እንቢ አልኩ።»

«ለእነዚህ ገበሬዎች አዝነህ?»

«ለእነሱ?» አለና ወደ ተሰበሰቡበት ምራቁን ሊተፋ ቃጣው። «እነሱማ ማረሻ ሲደንዝባቸው ይመጣሉ፤ ከቤቴ ግን ውሃ አይቀምሱም። ብረቱ የማረሻ ነበር። ክረምት ደርሷል። በክረምት ደጃፍ የማረሻን ብረት እግር ብረት የሚያደርግ ባለጅ፣ ባለጅ አይደለም።»

መሪጌታው ከወዲያ ማዶ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ዓይኑን አትየው። ስትበላም ተከለል» አሉኝ። እግራቸው የሚገባበትን ብረት አልሠራም ያለውን ሰው ነው። ቀጥለው ስለ ቅጹ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው።

«ይህማ የኛም ሥርዓት ነው» አሉ። «ድጓ የሻ ቤተልሔም ይሄዳል፣ ዝማሬ መዋሥዕት የሻ ዙር አምባ ይወጣል። ሁሉን ልያዝ ያለ አንዱንም ሳይዝ ያረጃል። አንተ የቱን አሰብህ?»

«የአውሮፕላን ሞተር።»

እውነቱን ለመናገር ስለ አውሮፕላን ደንታ አልነበረኝም። ጓደኞቼ ሁሉ እሱን የሚመርጡት ውጭ አገር ስለሚያስልክ ነው። የብረቱን ትምህርት የሚወስደው ሌላው የሞላበት ተማሪ ነበር።

ቀጥቃጩ ሲሰማ ቆይቶ «መሮ አግለው ውሃ ካጠጡት በኋላ መልሰው ሲያሞቁት መቼ ነው ከእሳት የሚወጣው?» አለኝ። ስንት ዲግሪ ሲደርስ እንደሆነ ነገርኩት፤ ፈተና ላይ በትክክል የመለስኩት ጥያቄ ነው።

«ዲግሪው የት ላይ ይታያል?»

አላውቅም። ማንም አላሳየኝም።

«ወልውለህ ቀስ እያልህ ታሞቀዋለህ» አለ። «የገብስ ገለባ መልክ ሲያወጣ ያኔ ያዘው። ሰማያዊ ካለ አልፎሃል፤ ጫፉ ይታጠፋል። ለመማር አምስት ዓመት አይፈጅም፤ ዓይን ነው የሚፈልገው።»

አምስት ቀን አስተማረኝ። ብረት ሲሰበር በስብራቱ ጥራቱ እንዴት እንደሚታወቅ፣ መዶሻ ሲያርፍበት በድምፁ ምን እንደሚናገር። ሚስቱ በየቀኑ ቂጣ ታመጣለታለች፤ ዘበኛው እጁ እንዳይነካው በእግሩ እየገፋ ያስገባዋል። ቀጥቃጩ አፈሩን ያራግፍና ይቆርሰዋል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ገዥው አስጠራኝ። ቁራኛ ነንና ሁለታችንም ሄድን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ተዘርግቷል፤ አንዱ የኮሌጁ ቅጽ፣ ሌላው ጸሐፊው በኔ ስም ያረቀቀው ቃል።

«አቤቱታውን መሪጌታው ናቸው ያጻፉኝ ብለህ ፈርም» አለኝ። «ቅጽህ ነገ ከፖስታው ጋር ይሄዳል፣ አንተም ትሄዳለህ። አልፈርምም ካልህ ግን ቅጹን እሳት ይበላዋል፤ መሐንዲስነትህንም እዚሁ ትጨርሳለህ።»

ጀግና ነበርኩ አልልም። ፈራሁ። የአራት ዓመት ልፋቴ በዚያች ወረቀት ላይ ነበር። መሪጌታውንም አልወደድኳቸውም፤ ለእሳቸው ስል ጣቴን አላነሳም ነበር። ነገር ግን ዓይኔ ከወንበሩ ሥር ያለው ሣንቃ ላይ አረፈና አስጸየፈኝ። ለዚህ ሰው ስሜን ልሰጠው?

ብዕሩን አንስቼ ቅጹን ወደ እኔ ሳብኩ። ስለ ብረት የሚያስተምረው ትምህርት ላይ ምልክት አደረግሁ፣ ሁለት ሌሎችም ጨምሬ ፈረምኩ። ከዚያ ወደ ቀጥቃጩ ዞርኩ።

«ጋሼ፣ የአማካሪ ፊርማ ይጎድለዋል። ይፈርሙልኝ።»

ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። አውራ ጣቱን የጸሐፊው የማኅተም ቀለም ላይ ጫን አደረገና በመስመሩ ላይ አሳረፈው። አሻራው መስመር የሌለው ድፍን ነጥብ ሆነ፤ ጣቱን እሳት ልጦታል። ገዥው በቁጣ ብድግ ሲል ወንበሩ ከሣንቃው ላይ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ተገለበጠ። ቃሉ የተጻፈበት ወረቀት ሳይፈረም ቀረ።

ቅጹን አላቃጠለውም። የሴራው ማስረጃ ነው ብሎ ከክሱ ጋር ወደ ጠቅላይ ግዛቱ ላከው። እዚያ ያለ አንድ ሹም ምን እንደሆነ መለየት ቢቸግረው ማኅተም መታበትና ወደ ኮሌጁ አስተላለፈው። ኮሌጁ ደግሞ ማኅተሙን ሲያይ አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ መዘገበኝ። ቀጥቃጩን ክረምቱ ሲገባ ለቀቁት፤ የገዥውም ማረሻ ደንዞ ነበርና። እኔንና መሪጌታውን ገዥው ሲሻር ፈቱን።

ዕድሜ ልኬን ከብረት ጋር ኖርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ወጣት መሐንዲሶች የትኛውን ትምህርት እንምረጥ ብለው ሲመጡ ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ። አሻራው ላይ ስደርስ ያጨበጭባሉ። እኔም እዚያ ላይ አቆማለሁ።

ከቢሮው ተመልሰን ጥጋችን ስንቀመጥ የሚስቱ ቂጣ ደርሶ ነበር። አፈሩን አራግፎ ለሁለት ቆረሰውና ግማሹን ዘረጋልኝ። ገበሬዎቹም መሪጌታውም ያዩኛል።

«በልቻለሁ» አልኩት። ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም ነበር፤ እሱም ያውቃል፤ እግራችን አንድ ላይ ታስሯል።