በሁዳዴ የተፈቀደልኝ ወተት

ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን! ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬ ወደ ቤቴ ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በአናጢነቴ ነው። ሮብ ገበያ አካባቢ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ሚስማር ስመታ የኖርሁ፣ ማንንም የማልለምን፣ በጉልበቴ የምመካ ሰው ነበርሁ። ስለ እግዚአብሔር ሲወራ «እሱ የደካሞች ጉዳይ ነው» እል ነበር። እናቴ ግን ጾም የማታፈርስ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማትቀር ሴት ናት፤ የእኔንም ድርሻ የምትጸልየው እሷ ነበረች።

ከዚያ ማጅራት ገትር ያዘኝ። ደብረ ማርቆስ ወስደው ሐኪም ቤት አስተኙኝ። ትኩሳቱ በመድኃኒት ወረደ፤ ጉሮሮዬ ግን መዋጥ እምቢ አለ፣ ምላሴም ተሳሰረ። የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ፣ መልስ መስጠት ግን አልችልም። በአፍንጫዬ በኩል እስከ ሆዴ የሚደርስ ቀጭን ቱቦ አስገቡልኝ። ሐኪሙም እናቴን «ወተትና እንቁላል ተመትቶ በዚህ ይሰጠዋል» አላት።

ጊዜው ሁዳዴ ነው! እናቴ ደነገጠች። «ልጄ ነገ ቢሞትብኝ፣ በጾም ወተት አጠጥቼ ልሸኘው?» አለች። ክንዴ ላይ የተሰካውን ግሉኮስ ስታይ ግን ፊቷ በራ። «ይኸው ምግብ! ይኼ ይበቃዋል፤ ጾምም አያስገድፍም።» ከዚያ በኋላ በቱቦው የምትሰጠኝ ስስ የገብስ ውኃ ብቻ ሆነ። ወገኖቼ፣ በፍቅር ነበር ያደረገችው! እኔ ግን እየቀለጥሁ ነበር። የእጄ አጥንት ሲወጣ አያለሁ፤ «እናቴ፣ ራበኝ» ማለት አልቻልሁም።

በዚህ መሀል ሲስተር ስንታየሁ የምትባል ነርስ ከሌላ ክፍል ተዛውራ መጣች። ጌታ ይባርካት! ክንዴን ያዝ አደረገችና «እማማ፣ ምን እየሰጡት ነው?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ሳትደብቅ ነገረቻት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህባት ነበር። ሲስተር ግን አጠገቧ ቁጭ አለች።

«ግሉኮሱ እኮ ውኃና ስኳር ነው፣ እማማ። ለጊዜው ያቆየዋል እንጂ ሥጋ አይሆነውም። እኔ ብነግርዎ ልብዎ አይቀበለውም፤ የንስሐ አባትዎን ያስጠሩልኝ።»

እዩልኝ የዚችን ሴት ጥበብ! እሷ የወንጌል አማኝ ናት፤ ስለ እኔ ሕይወት ቄስ አስጠራች!

ቄሱ ከሮብ ገበያ መጡ። ሲያዩኝ ዕንባቸው መጣ። «አንች ሴት፣ የታመመ ሰው ይጹም ያለሽ ማን ነው? በይ ወተቱን አምጭ፤ ኃላፊነቱ በእኔ ነው» አሏት።

ሲስተር የተጠቀለለ ጋቢ ከጀርባዬ አድርጋ ቀና አደረገችኝ። ቱቦው ቦታው ላይ መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ ወተቱን አጥልላ በስሪንጅ ከፍ አድርጋ ያዘችና «አይግፉት፣ እማማ፤ በራሱ ይውረድ። ሲጨርስም ቶሎ አያስተኙት፣ ወደ ሳንባው ይሄድበታል» አለች። ቀጥላ ስሪንጁን ለቄሱ ሰጠቻቸው። ቄሱም በእጃቸው ይዘው መገቡኝ፤ ሃሌ ሉያ! እናቴ ያን ስታይ እልል አለች።

ሲስተር እኔን በመገበች ቁጥር ቀስ ብላ «ኢየሱስ ሆይ፣ አንተ አብላው» ስትል እሰማታለሁ። እኔም፣ ያ ኩራተኛ፣ በልቤ «ጌታ ሆይ፣ እርዳኝ» አልሁ። ለምኜ አላውቅም ነበር። ያኔ ነው የተሸነፍሁት፤ ክብር ለእርሱ ይሁን!

ጉልበቴ እየተመለሰ፣ ምላሴ እየተፈታ መጣ። ሐኪሙ በማንኪያ ውኃ ሰጥቶኝ ስውጥ ሲያይ «ይኼ ሰው ይድናል» አለ። በፋሲካ እናቴ ለስላሳ ፍትፍት ይዛ ስትመጣ የመጀመሪያ ቃሌ «እናቴ፣ አጉርሽኝ» ሆነ። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስሁ።

ሲስተር በእኔ አላበቃችም። ቱቦ የገባለት ሰው በመጣ ቁጥር አስታማሚዎቹን ሰብስባ ታስተምራለች፤ ጾም ከሆነ አስቀድማ የንስሐ አባት ታስጠራለች። እናቴም እስክንወጣ ድረስ አዲስ አስታማሚ ባየች ቁጥር «ቀና አድርጊው እንጂ!» እያለች ትቆጣ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሰጠን ጌታን አመሰግነዋለሁ።

ወገኔ፣ ውስጥህ እየራበው፣ መናገርም አቅቶህ እዚህ የተቀመጥህ ካለህ፣ በጌታ ታመን። እኔ ስጠራው ድምፅ አልነበረኝም፤ እርሱ ግን ሰማኝ።