ነጩ ቅባትና የወይዘሮ ዓለሚቱ ሳፋ

ሲስተር ትርፊት ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሆመቾ ባለ ጤና ጣቢያ ስታዋልድ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ምጥ አስፈርቷት አያውቅም። የምትፈራው አማት ነው፤ ሳፋ የያዘች የሆመቾ አማት ቁልቁለት የያዘ አይሱዙ ማለት ናት፣ ፍሬን የላትም።

የዛሬዋ ወይዘሮ ዓለሚቱ ናቸው። ምራታቸው ጣቢታ ከአንድ ሰዓት በፊት የወለደቻት ሕፃን ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ብቻ ናት፤ ሙቀቷም ሠላሳ ስድስት ነጥብ አንድ ላይ ቆሟል። ከዚህ ከወረደ ሆስፒታል መላኳ ነው፤ አምቡላንሱ ደግሞ ጃጁራ ሄዷል።

ወይዘሮዋ ግን ያፈጠጡት በሕፃኗ ጀርባ ላይ በተለጠፈው ነጭ ቅባት ነው። ነፍሰ ጡር ወተት ከጠጣች ልጁ ላይ ይለጠፋል ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሊጸልዩ ደጅ ደርሰዋልና፣ ይህን ጉድ ሳያዩ ትታጠብ አሉ። ጣቢታ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተከለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ ከአማቷ የወተት ቅል እየሰረቀች ጠጥታለች፤ ጠጪ ብላ የመከረቻት ደግሞ በእርግዝና ክትትሉ ጊዜ ራሷ ትርፊት ናት።

ትርፊት አልጋውን ከልላ ቆመች። ቆዳ ዝም ብሎ ግድግዳ አይደለም አለች፤ ሴሎቹ ጀርም የሚገድል ፕሮቲን ራሳቸው ይሠራሉ፣ በሰላሙ ጊዜ ጥቂት፣ ጀርም ሲነካቸው ብዙ። የመናኸሪያ ዘበኛ ሌባ ባየ ቁጥር ከመዳፉ ዱላ ቢበቅልለት ማለት ነው። የዚህች ቆዳ ገና ስስ ነው፤ ያ ጀርም ገዳይ ግን ቅባቱ ውስጥም አለ። ከታጠበች እሱም ሙቀቷም ይሄዳል።

ሳፋው አንድ እርምጃ ቀረበ።

«እማማ፣ የእርስዎ ስድስቱም ልጆች ያለዚህ ነጭ ነው የተወለዱት?» አለች ትርፊት።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ሕፃኗን አዩ።

«የዚህች አባት ኤሊያስ ይብስ ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «አማቴ ወተት ጠጥተሽ ነው ብላ ሰባት ዓመት አላናገረችኝም። እኔ እኮ ጠብታ አልቀመስኩም።»

ሳፋውን ይዘው ወጡ። ሕፃኗን ማየት የፈለገች ሁሉ መጀመሪያ እጇን ትታጠብ ሲሉ ከደጅ ተሰማ፤ የጸሎቱ መሪ ሳትቀር እስከ ክርኗ ተፈተገች።

ሕፃኗ እናቷ ደረት ላይ እንደተለጠፈች ግማሽ ሰዓት አለፈ። ትርፊት ቴርሞሜትሩን አነበበች፤ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስድስት።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ተመልሰው ብርድ ልብሱን አስተካከሉ፤ ምራታቸውን ግን አላዩም።

«ከእንግዲህ በኩባያ ጠጪ» አሉ። «ከቅሉ ስትጠጪ ክዳኑን አጥብቀሽ አትመልሺም።»