አሥራ ሰባት ቁጥሩ በረኛ

ጣት የምታህል ወረቀት ናት። ጠርዟ ተበልቷል፣ ቀለሟ ወይቧል። ቢጫ ማሊያ የለበሰ በረኛ አየር ላይ ተንጋሎ ኳስ ሲይዝ ይታይባታል፤ ግርጌዋ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር አለ። ልጅ እያለን ከማስቲካ ጋር ተጠቅልላ ትወጣ ነበር። ዛሬ ዋጋዋ ስንት እንደ ገባ ብነግራችሁ አብዷል ትሉኛላችሁ። በዚያ ብር ደብረ ታቦር ገበያ ወጥታችሁ አንድ ደህና ወይፈን ነድታችሁ እንደምትገቡ ብቻ እወቁልኝ።

መናኸሪያው አጠገብ ቻርጀርና የስልክ ሽፋን የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ጎን ለጎን አሮጌ ነገር እሰበስባለሁ፤ ካሴት፣ ሬዲዮ፣ የማስቲካ ፎቶ። የእኔ እኩያ ፀጉሩ መሳሳት ሲጀምር ልጅነቱን በገንዘብ መልሶ ልግዛ ይላል፤ እኛም እንሸጥለታለን። በቴሌግራም የተሰባሰብን ብዙ ነን። መጀመሪያ ላይ አንዱ ለአንዱ በነፃ ይሰጥ ነበር። ኋላ አንድ የባሕር ዳር ጎረምሳ መጣብን። ፎቶ ገና ሲለጠፍ አፍሶ ይገዛና ማታውኑ በሦስት እጥፍ መልሶ ይለጥፈዋል። ማስቲካውን አንድ ቀን እንኳ ያላኘከ ሰው በማስቲካችን ሲከብር አያናድድም? ስንት ጊዜ ረግሜዋለሁ! ሚስቴ ስትሰማኝ ትስቃለች። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል» ትለኛለች። ታሪኩን ስለምታውቅ ነው፤ እናንተም ስሙት።

ያን ክረምት አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ዝናቡ ከሰኔ ጀምሮ አላባራ ብሎ ሰፈራችን ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ኳሳችን ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን የምንሰፋት ነበረች፤ ውሃ ስትጠጣ ድንጋይ ትሆንና አውራ ጣታችንን ትልጠው ነበር። እንግዲህ በዚህ መሐል ነው ባለ ሱቁ ጋሽ ኑርዬ፣ ከሚዛናቸው በላይ፣ እውነተኛ የቆዳ ኳስ በመረብ አድርገው የሰቀሉት። ከማስቲካው የሚወጡትን ሃያ አራት ፎቶዎች አሟልቶ ያስረከበ ልጅ ኳሱን ይወስዳል ተባለ። ኳሱ አንድ ነው፤ እኛ ደግሞ ሰፈር ሙሉ ነን።

የዚያ ማስቲካ ሽታ እስካሁን ከአፍንጫዬ አልጠፋም፤ ሙዝ ሙዝ ይል ነበር። ፎቶዎቹም ያንኑ ይሸቱ ስለነበር ኪሳችን፣ ትራሳችን፣ እጃችን ሁሉ ሙዝ ሙዝ አለ። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ውሏችን የጋሽ ኑርዬ በረንዳ ላይ ነው። ሃያ ሦስቱ ፎቶ እንደ ምንም ብሎ ይገኛል። አሥራ ሰባት ቁጥሩ በረኛ ግን የውሃ ሽታ ሆነ። እኔ ዘንድ ብቻ ነበር፤ ያውም ሁለት። አንዱ ከራሴ ማስቲካ ወጣልኝ። ሌላውን፣ ዋጋውን ከማታውቅ አንዲት ትንሽ ልጅ በሁለት ከረሜላ ወሰድኩት። እንዳይሰርቁኝ ብዬ በሁለቱም ጀርባ ላይ የስሜን መጀመሪያ «ደ»ን ጻፍኩ። እስክሪብቶዬ ቀለሙ ስላለቀ ተጭኜ ተጭኜ ወረቀቱን ልቀደው ምንም አልቀረኝም።

ይበልጣል የሚባል ጓደኛ ነበረኝ፤ አጥራችን አንድ ነው። አባቱ ሞተዋል። እናቱ እትዬ የሺ ጥጥ እየፈተሉና እንቁላል እየሸጡ ነው ያሳደጉት። ይበልጣል ማስቲካ የሚገዛበት ሳንቲም ስላልነበረው ለሰው ውሃ እየቀዳ፣ እንጨት እየፈለጠ ነበር ፎቶ የሚሰበስብ። እንደዚያም ሆኖ ከሁላችን ቀድሞ ሃያ ሦስት ሞላ። የቀረው በረኛው ብቻ ነው። አንድ ቀን ጠዋት አጥሩን ተሻግሮ መጣና አሥራ ሰባትን ስጠኝ አለኝ። ኳሱ የሁለታችን ይሆናል፣ ቢያሰኝህም አንተ ዘንድ ይደር አለኝ። ይህን ያለው ከልቡ እንደ ነበር ያኔም አውቄዋለሁ።

እኔ ግን ከሌላ ሰው ጋር የምካፈለው ኳስ አልፈለግሁም። ለእኔ የጎደሉኝ ሁለት ፎቶዎች ነበሩ፤ እሱ ዘንድ ደግሞ የሁለቱም ድርብ አለ። እነዚያን ለቀብድ አምጣ አልኩት፤ አመጣ። በማግስቱ ሲመጣ «ዋጋው ጨምሯል፤ ነገ ና» አልኩት። አሥር ብይ አመጣ። «ዋጋው ጨምሯል፤ ነገ ና።» የቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ ብለን ያገኘነውን ሙልሙል ድርሻውን ሳይቀምስ አምጥቶ ጭኔ ላይ ዘረገፈው። ትኩሱን እያየኝ በላሁና ያንኑ ቃል መለስኩለት። አባቴ በረንዳ ላይ ሆነው ይሰሙ ነበር። «ይሄስ ነጋዴ ወጥቶታል!» ብለው ሳቁ። አቤት ያን ቀን የተሰማኝ ኩራት! እንዲያ ያለ ኩራት እስከ ዛሬ ተሰምቶኝ አያውቅም።

በማግስቱ፣ በይበልጣል ሁለት ፎቶዎች ሃያ አራቱን ሞልቼ ለጋሽ ኑርዬ አስረከብኩ፤ ኳሱን በካፖርት ጠቅልዬ ቤቴ አስገባሁ፤ ማንም አላየኝም። ጋሽ ኑርዬም ያኔውኑ ሱቁን ዘግተው ዕቃ ሊያመጡ ባሕር ዳር ወረዱ። ሁለተኛው በረኛ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ከዚህ በኋላ ለይበልጣል ምንም አይረባውም፤ ወረቀት ነው። ልጅ ነበርኩ ልል አልችልም፤ የማደርገውን አሳምሬ አውቀው ነበር።

ይበልጣል በተዘጋው ሱቅ ቀዳዳ አጮልቆ ኳሱ ከተሰቀለበት እንደሌለ አይቷል። እያለከለከ መጣና ማን ወሰደው አለኝ። እርጥበት እንዳያበላሸው ጋሽ ኑርዬ ወደ ጓዳ አስገብተውታል አልኩት። ዓይን ዓይኔን አየኝ። «በማተብህ ማልልኝ» አለ።

በእኛ ሰፈር ልጅ በእናቱ ስም ይዋሻል፣ በአባቱም ይዋሻል፤ ማተቡን ይዞ ግን አይዋሽም። ይሁንና ከቄስ ተማሪዎች የሰማሁት አንድ ብልሃት ነበረ፤ ማተብ ያላሰረ አንገት ቢምል አይቆጠርበትም ይሉ ነበር። ሽንቴን ልሽና ብዬ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ዞርኩ። ቋጠሮውን ፈትቼ ማተቤን ኪሴ ከተትኩ፤ ሸሚዜን እስከ ጉሮሮዬ ቆልፌ ተመለስኩና፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «በማተቤ!» አልኩት። ፊቱ ወዲያው በራ። ምን ላምጣልህ አለኝ። «ገብስማዋን ዶሮ» አልኩ።

ገብስማዋ የእትዬ የሺ ናት። ቤቱ ውስጥ እንቁላል የምትጥለው እሷ ብቻ ነበረች፤ የመስከረም ደብተሩና እስክሪብቶው የሚወጣው ከእሷ ነው። ይበልጣል ይህን ስለሚያውቅ ቆመና መሬት መሬት አየ። እኔም ስለማውቅ ነው የጠየቅኩት፤ እስከ የት እንደሚሄድ ማየት አማረኝ። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠብቆ፣ ዶሮዋን በነጠላ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ልቧ በነጠላው ሥር ድው ድው ሲል ይሰማኝ ነበር። በረኛውን ሰጠሁት። መናኸሪያ ወስጄ ወደ ሐሙሲት ለሚሄድ መንገደኛ ሸጥኳት። በብሩ ኳስ መንፊያ ገዛሁ።

ጋሽ ኑርዬ የተመለሱ ለት ይበልጣል ሃያ አራቱን ፎቶ በሁለት እጁ ይዞ ገባ። እኔ ከበሩ ውጪ ቆሜ አያለሁ። «ልጄ፣ ኳሱን እኮ ይሄ ጓደኛህ ከወሰደው ቆየ» አሉት። ይበልጣል ዞሮ አየኝ። ፎቶዎቹን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተና በአጠገቤ አልፎ ሄደ። ጋሽ ኑርዬ ነገሩ ሲገባቸው ከባንኮው ወጥተው ጆሮዬን ያዙኝ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ይቺን ያዛት» አሉኝ። እሳቸው ለቀቁኝ እንጂ ቃላቸውስ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ማታ እትዬ የሺ፣ ራሱ ይበልጣል ለቡሄ በገመደው ጅራፍ ገረፉት። ጅራፉ ሲጮህ በአጥሩ በኩል እየሰማሁ ኳሴን ነፋሁ።

መስከረም ሲጠባ ይበልጣል ትምህርት ቤት አልመጣም። እናቱ ደብተር መግዣ ስላልነበራቸው፣ የሰረቀም ልጅ ቢማር ምን ይሆናል ብለው፣ እብናት እህል ከሚነግድ አጎቱ ዘንድ ሰደዱት፤ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ኳሱም አልበረከተም። ለመስቀል አጋም እሾህ ውስጥ ገባና ውስጡ ያለው ከመነዳሪ ተበሳ፤ ብንለጥፈው ብንለጥፈው እምቢ አለ።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ። ባለፈው ወር አንድ የአዲስ አበባ ኢንጂነር ሃያ ሦስት አሉኝ፣ በረኛው ጎደለኝ ብሎ ደወለልኝ። ያኔ በየከተማው አሟልቶ የሰበሰበ ሁሉ ለኳስ አስረክቦ ስለ ጨረሰ በረኛው ከምድር ጠፍቷል። ዋጋ ጥራ አለኝ፤ የወይፈን ዋጋ ጠራሁ። ሰውየው ሳያቅማማ ግማሹን ላከ። አሥራ ሰባት ቁጥር የት እንዳለ አገር ላይ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ይበልጣል ጋፋት ገብቶ ያርሳል አሉኝ። በባጃጅ ሄጄ የቀረውን በእግሬ ወጣሁት። ደጁ ላይ እትዬ የሺ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው ጠፍቷል። ማነው ሲሉ ይበልጣል «እማ፣ ያ የኳሱ ልጅ ነው» አላቸው። አፈር ልግባ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን «ውይ የእኔ ልጅ፣ ግባ እንጂ! እንቁላል ጥበሱለት» አሉ። አምስት እንቁላል ተጠብሶ ቀረበልኝ። በጣም አፈርኩ። አፍሬም ጠርጌ በላሁ።

ፎቶውን ጠብቆታል። ሃያ አራቱንም በላስቲክ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ አኑሯቸዋል። ለምን እንደፈለግሁት ሲጠይቀኝ ትዝታ ነው አልኩት፤ የብሩን ነገር አላነሳሁም። ፈገግ አለና ሳምንት ና አለኝ። ሳምንት ስመለስ የሁለት ሙክት ዋጋ ጠየቀኝ፤ ከወይፈን አንፃር ምንም አይደለም፣ ሞኙን አገኘሁት ብዬ በደስታ ከፈልኩ። ቢሆንም ነጋዴ ነኝና «ያው ያኔው ነው? በማተብህ ማልልኝ» አልኩት። ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «በማተቤ!» አለ።

ሱቄ ገብቼ በመብራት አየኋት። በረኛው አለ፣ የወየበው ቀለም አለ፣ ከጀርባዋም «ደ» አለ። በጣቴ ዳበስኳት። ያ ወረቀቱን ሊቀደው የደረሰ ጭረት የለም፤ ልሙጥ ነው። ፎቶ ቤት የታተመ፣ ሻይ ውስጥ ነክሮ ያወየበው ቅጂ ነው። አሸተትኩት፤ ሙዝ አይልም።

ወዲያው ደወልኩለት። እንዲያ ምለህ አልኩት፤ ሌባ አልኩት። «ያኔ ማተብህ ኪስህ ነበር፤ ለሰፈሩ ሁሉ ስትፎክርበት ሰምቻለሁ። የእኔም ኪሴ ነበር» አለ። ዋናውስ አልኩት። «ዋናው አለ። ዋጋው ግን ጨምሯል፤ ነገ ና።» ከኋላው ዶሮ ስታስካካ ይሰማኛል። ስልኩ ተዘጋ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይሄ ነው።

ተቀምጬ እንደ ቆየሁ ኢንጂነሩ ደወለ። ልጆቹን ሰብስቦ እየጠበቀ ነው፤ ድምፁ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ድምፅ ይመስላል። «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ዘንድሮ አታላይ በዝቷል። ዋናው መሆኑን በማተብህ ማልልኝ» አለኝ። የላከው ብር ለሱቁ ኪራይ ገብቷል፤ የቀረው ለይበልጣል ተከፍሏል። እጄ ወደ አንገቴ፣ ወደ ማተቤ ሄደ። ልጅ እያለሁ ቋጠሮዋ ላላ ያለች ነበረች፤ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ በአንድ እጄ ፈታኋት። አሁን የስንት ዘመን ላብና ዕድፍ አጥብቋት በጥፍሬም አልፈታ አለች። «አንድ ጊዜ ጠብቁኝ ጌታዬ» አልኩና ስልኩን ባንኮው ላይ አስቀምጬ መቀሱን አነሳሁ።