ኖራው ገበያ ሲወርድ

ኮሮና አገር ውስጥ ገባ በተባለ ሰሞን፣ የኮሌጃችን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን የፍጻሜ ጨዋታ ሊያደርግ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ከሚሴ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ እኔ የስፖርት መምህሩም፣ አሰልጣኙም፣ የተቀደደ መረብ ሰፊውም ነበርኩ። ለፍጻሜ ደርሰን አናውቅም፤ ያውም በገዛ ሜዳችን። የሜዳውን መስመር እንደ አዲስ የማሰምርበትን ኖራ በስንት ደብዳቤና ምልልስ አስገዝቼ፣ ሁለት ጆንያ ቢሮዬ ጥግ ቆሞ ባየሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ጠዋት ተማሪዎቹን ሰብስበው "ኮሌጁ ተዘግቷል፤ ዕቃችሁን ይዛችሁ ወደየቤታችሁ" አሏቸው። የቡድኑ አምበል የጨፋ ገበሬ ልጅ ናት። ረጅም፣ ዝምተኛ፤ ኳስ ስትመታ ግን ሌላ ሰው። ፍራሿን ጠቅልላ እንደተሸከመች ቢሮዬ መጣች።

"ቲቸር፣ አንድ ቀን ብቻ ቢያስፈቅዱልን? ተጫውተን እንሄዳለን።"

"ተጋጣሚዎቻችንም ተበትነዋል እኮ።"

"እሺ፣ መቼ ነው የምንመለሰው?"

"ሁለት ሳምንት ነው የተባለው" አልኳት። ሁለት ሳምንት! እኔም አምኜ ነበር የነገርኳት።

ሁለቱ ሳምንት እንዳለፈ፣ የወረዳው የመከላከል ኮሚቴ አስጠራኝ። ስለ በሽታው ሬዲዮ ከሚለው በላይ የማውቀው ነገር የለም። ለምን እንደተፈለግሁ የገባኝ ሰብሳቢው "ፊሽካ አለህ አይደል? ኖራም አለ ብለውናል" ሲለኝ ነው።

"ኖራው የሜዳ ነው።"

"አሁን ሜዳው ላይ ማን አለ?"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ጨፋ ሮቢት ገበያ ወርጄ፣ ሁለት እርምጃ በሁለት እርምጃ እየለካሁ፣ ከከብት ተራ እስከ እህል ተራ ክብ ሳሰምር አረፈድኩ። ሰብሳቢው መጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ ከብቶቹ ገቡና ግማሹን ክብ ረግጠው አጠፉት። ፍየል የያዙ አንድ ሽማግሌ ግን ከቀሩት አንዱን አጥብቀው ሲመረምሩ ቆዩ።

"በርሲሳ" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። "እዚህ ውስጥ የምቆመው እኔ ነኝ ወይስ ፍየሏ?"

"አንቱ ነዎት፣ አባቴ።"

"ገዢውስ?"

"እሱ ወዲያኛው ክብ ውስጥ ይቆማል።"

"ታዲያ ጥርሷን በምን ያየዋል? ዋጋውንስ እየጮኽን ልንነጋገር ነው?"

ፊሽካ ነፋሁ። ሁለት ሰው ዞር ብሎ አየኝ፤ ሌላው ሥራውን ቀጠለ። ያበሳጨኝ እሱ አይደለም። አንድ የማውቀው ነጋዴ እንደ ወጉ እጄን ሊስም እጁን ሲዘረጋ ክርኔን ሰጠሁት። እጁን ሰብስቦ "ምን በደልኩህ?" አለኝ። ገበያ በዋልኩ ቁጥር ይህን ጥያቄ ከአንድ ሰው እሰማ ነበር፤ በሽታውን ሳስረዳም "እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ብለውኝ ይሄዳሉ።

ረመዳን ሊገባ ሲል የአምበሏ አባት ሞቱ። ከዓመት በላይ በጉበት ታመው የተኙ ሰው ነበሩ። ኮሚቴው የላከኝ ግን ለቅሶ እንድደርስ አይደለም፤ ከተፈቀደው ቁጥር በላይ ሰው እንዳይገኝ እንድቆጣጠር ነው። ስደርስ የሸለቆው ሰው በሙሉ ከየመንደሩ መጥቷል። ከሴቶቹ በኩል አምበሌ ወጣች፤ ዓይኗ አብጧል። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩትን ፊሽካ አየችው።

"ቲቸር፣ ለቅሶ ሊደርሱን ነው የመጡት ወይስ ሊበትኑን?"

መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ። ፊሽካውን አውልቄ ኪሴ ከተትኩ። "ለቅሶ ልደርስ ነው" አልኳት፤ ስናገረው እውነት ሆነ። ሽማግሌዎቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ትከሻ ለትከሻ ገጥመን ተቀመጥን። ዱዓው መሃል ሰብሳቢው ደወለ።

"ሰዉ በዛ እንዴ? ይሄ የምሰማው ምንድን ነው?"

"ዱዓ ነው።"

"የስንት ሰው ዱዓ?"

"የመጣው ሰው ሁሉ" አልኩና ስልኩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ከኮሚቴው አሰናበተኝ። ቅር አላለኝም፤ ግን ለሳምንታት በዚያ መንደር ሰው አሳለ በተባለ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር። የከፋ ነገር አልተሰማም። ያ ግን ትክክል ነበርኩ ለማለት አይበቃኝም፤ እስካሁንም አላውቅም።

ኮሌጁ ከወራት በኋላ ሲከፈት ሜዳው ላይ ሣሩ ወገብ ደርሶ፣ የጎረቤት ላሞች ይግጡበት ነበር። ከተጫዋቾቼ ሁለቱ አግብተዋል፤ አንዷ ዐረብ አገር ሄዳለች፤ አንዷ ባቲ ገበያ ንግድ ጀምራ ቀርታለች። ስለ ፍጻሜው ጨዋታ ውድድሩን ላዘጋጀው ስፖርት ቢሮ ብጽፍ ብጽፍ፣ በመጨረሻ "ውድድሩ እንደተጠናቀቀ ተቆጥሯል" የሚል ደብዳቤ መጣ። የላከው ቢሮ ድረስ ሄድኩ።

"ማን አሸነፈ ተብሎ ነው የተጠናቀቀው?"

"ማንም።"

"ያለ አሸናፊ እንዴት ያልቃል?"

"መምህር፣ ሰው እየሞተ አንተ የኳስ ነገር ታወራለህ?" አለኝ ኃላፊው። በዚያው ሳምንት የቢሮው ሠራተኞች እግር ኳስ ሲጋጠሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገርኩት። "እሱ ለጤና ነው" አለ።

ለአምበሏ ነገርኳት።

"እኔ እኮ በረቱ ግድግዳ ላይ ኳስ እየመታሁ እለማመድ ነበር" አለች። "እናቴ 'አባትሽ አፈር ሳይደርቅበት ኳስ ትመቻለሽ' እያለች ትቆጣኛለች። የምስክር ወረቀትስ ይሰጡናል?"

"የተሳትፎ።"

"የተሳትፎ!" አለችና በኦሮምኛ አንድ ቃል ጨመረች፤ እዚህ አልጽፈውም። ከዚያች ጨዋ ልጅ አፍ ስድብ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ልቆጣት ይገባኝ ነበር፤ አልተቆጣኋትም።

አሁን ገጠር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ባለፈው ከሚሴ መናኸሪያ ስንገናኝ፣ ርዕሰ መምህሩ ለመረብ ሁለት ምሰሶ ማስተከል "አንገብጋቢ አይደለም" ብሏት እየተንጨረጨረች ነበር።