ሶማያ መራጩ ደበሌ

ደበሌ ጠማማ እንጨት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም ነበር። የጎረቤት አጥር ሲያይ እጁን ይበላዋል፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ጣሪያውን ሽቅብ እያየ ወራጁን በልቡ ይተቻል። ከቡኢ እስከ ቡታጅራ ባለው አገር ጦር የሚይዝ ሰው ብረቱን ቀጥቃጭ ዘንድ ያሠራል፤ ሶማያውን፣ ማለት የጦሩን እጀታ፣ የሚያስመርጠው ግን እሱን ነው። ለዚህ የሚሆነውን ጠንካራ እንጨት፣ ክትክታውን፣ ራሱ ይቆርጣል፣ ይልጣል፣ ከምድጃው በላይ ጭስ ላይ ሰቅሎ ያከርመዋል። ሲደርስ ያወርድና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያየዋል፣ ጉልበቱ ላይ ጫን አድርጎ ይለምጠዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጠነቀቀው ለእንጨቱ መስመር ነው። መስመሩ ከታች እስከ ላይ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት፤ መሃል ላይ ወደ ዳር የሸሸ እንደሆነ በቁርጥ ቀን እዚያው ላይ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን እንጨት ባለጉዳዩ እግሩ ላይ ቢወድቅም አይሰጠውም፤ ምድጃ ውስጥ ይማግደዋል።

ጣሊያን ገብቶ ጦር ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ ከታወጀ ወዲህ ሥራው የድብቅ ሆነ። ደግነቱ ሶማያ ብረቱ ከሌለበት ያው ዱላ ነው፤ ዱላ ይዘሃል ብሎ የሚያስር የለም። የመስቃኑ ነጋዴ አሚኑ በአህያው ጨው ይዞ ይመጣል፤ ሲመለስ ሶማያውን ከማገር እንጨት ጋር አስሮ ወንዝ ዳር ለሚጠብቀው ሰው ያስረክባል። ያ ሰው ደግሞ ዘቢዳር ተራራ ላይ ላሉት፣ ጠመንጃ ላልደረሳቸው አርበኞች ያደርሰዋል። ሶማያ የሚቆረጠው በሰው ልክ ስለሆነና እነሱም ወርደው ሊለኩ ስለማይችሉ፣ እያንዳንዱ እጁን ሽቅብ ዘርግቶ ከመሬት እስከ እጁ አንጓ በቃጫ ያስለካል። አሚኑ ቃጫዎቹን ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ያመጣቸዋል። ስም አይነገርም። አሚኑም የማን ልክ እንደሆነ አያውቅም።

ደበሌን ዕረፍት የነሳው ይኸው ነው። ተረፈ የሚባለው አንድ ልጁ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ እንዲሸከም በጣሊያን ተወስዶ፣ ከዚያው አምልጦ ከጠፋ ሁለተኛው ክረምት ገብቷል። አንዱ ዘቢዳር ነው ይላል፣ ሌላው ተገድሏል ይላል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ደበሌ ፊት ግን ሁሉም ስለ ዝናብ ነው የሚያወራው። ልጁ ሲሄድ ጢሙ ገና አላቀመቀመም፤ ቁመቱም ከእኩዮቹ ያነሰ ነበር። ለመስቀል ሊሰጠው ብሎ በልኩ የቆረጠለት ሶማያ እስካሁን ጭስ ላይ ነው። ሆድ ሲብሰው ያወርደውና ቅቤ ይቀባዋል፣ መልሶም ይሰቅለዋል። ሚስቱ ወርቅውሃ አይታ እንዳላየ ታልፈዋለች።

በሐምሌ አሚኑ አዲስ ቃጫዎች አምጥቶ፣ «የሚቀጥለው ገበያ ሲደርስ እወስዳለሁ፤ እዚያ ላይ ተቸግረዋል» ብሎ ሄደ። ደበሌ ጨው እንኳ ሳያስገባ የልጁን ሶማያ አወረደና፣ ልኩ የሚገጥም ቢገኝ ብሎ ቃጫዎቹን አንድ በአንድ ለካበት። አንዱ ይረዝማል፣ ሌላው በጣት ያጥራል። ደግሞ ከጫፍ ጀመረ። ቃጫው ከመሬት የተነሣበትን ጫፍ ተጠራጥሮ ገልብጦ ለካ።

«እስኪ ተወው» አለችው ወርቅውሃ።

«የለም። ከመሃላቸው የለም።»

«ሌላ ቦታ ይሆናላ። ተራራው አንድ ብቻ ነው እንዴ?»

ደበሌ ሶማያውን መልሶ ሰቀለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀምጦ የበላው እህል የለም። ቆሞ እየጎረሰ፣ እየወጣ እየገባ፣ ሲለምጥ ሲፍቅ ሰነበተ። እጁ ሶማያው ላይ ነው፤ ልቡ ግን የት እንዳለ እንጃ። እያንዳንዱን ሶማያ በልኩ ቆርጦ፣ ባለቤቱ እንዲለየው ቃጫውን አሰረበት፤ በመጨረሻ ረጅሙ ቃጫ ቀረ። ለዚያ ቁመት የሚሆን የደረቀ ክትክታ አንድ ብቻ ነበረው፤ የእሱም መስመር ከመሃሉ ከፍ ብሎ ወደ ዳር ይሸሻል። ደበሌ አይቶታል። ጣቱም ዳስሶታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለእሳት ነበር፤ ያን ቀን ግን፣ «ረጅም ሰው ነው፣ ጉልበት አያጣም፣ ይችለዋል» ብሎ ራሱን ሸነገለና ቆረጠው። ከዚያ የልጁን ሶማያ ቅቤ እስኪጠግብ አሽቶ፣ ቃጫ ሳያስርበት፣ ከእንጨቱ እስር መሃል ሰካው። በሕይወት ካለ ያውቀዋል ብሎ ነው።

አሚኑ ወሰደው። ደበሌ በየገበያው ቀን እስከ መንገዱ እየወጣ ይጠብቅ ጀመር፤ የአህያ ኮቴ በሰማ ቁጥር ይነሣል። አሚኑ ግን የመጣው ባልጠበቀው በኩል፣ ከጓሮ ነበር፤ ከጨው ከረጢቱ ጋር ደበሌ ለተረፈ የላከውን ሶማያ አስሯል። ደበሌ ሲያየው የሚቀበለው አጥቶ የተመለሰ መሰለው።

«ምነው ጋሽ ደበሌ፣ ደስ ይበልህ እንጂ» አለ አሚኑ ቶሎ ብሎ። «ልጅህ አለ። ወላሂ አለ። ወንዝ ዳር ያለው ሰው ዛሬ አፉን ፈታ። ልጁ የእንጨቱ እስር ሲፈታ ይህችን ገና ከሩቅ አወቃትና አቅፏት ተቀመጠ አለኝ። ‹ለእኔ የሠራት ናት፣ አሁን ግን ከስንዝር በላይ ታጥረኛለች፤ አባቴ ይመርኮዛት› ብሎ ልኳታል። ቁመቱ ዛሬ ካሉት ሁሉ ይበልጣል አሉ።»

ወርቅውሃ መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀምጣ አለቀሰች። ልጅ ከቤት ወጥቶም ያድጋል፤ አባት ግን ልጁን የሚለካው ከደጁ በወጣበት ቀን ቁመት ነው። ደበሌም ሊስቅ አፉን ከፈተና እንደከፈተ ቀረ።

«ካሉት ሁሉ ይበልጣል ነው ያልከኝ?»

«አዎ። የራሱንም ሶማያ በታሰረበት ቃጫ ለይቶ አግኝቷል። ‹መስመሩ ትንሽ ሸሽቷል፤ የአባቴ ዓይን ደክሟል ማለት ነው› ብሎ ሲስቅ ነበር አሉ።»

ደበሌ አልሳቀም። ለሌላ ሰው ልጅ ነው ብሎ የላከው መስመሩ የሸሸ ሶማያ ለገዛ ልጁ ደርሷል። የሰው ልጅ ቢሆንስ ኖሮ እናት የለውም? ይህን ሲያስብ አፈረ፤ ሚስቱንም አሚኑንም ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ክትክታው ጫካ ውስጥ ሞልቷል፤ ግን እርጥብ ነው፣ ደርቆ እስኪደርስ ስንቱ ይሆናል። ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተንከራተተ። ቤቱን ሲሠራ ወራጁን አንድ በአንድ የመረጠው ራሱ ነው፤ ዘመን ሙሉ ጭስ የጠጣ፣ ቀጥ ያለ ክትክታ። መሰላሉን አምጥቶ አስደገፈና ቢላዋውን ይዞ ወጣ።

«አንተ ሰው፣ ምን ልታደርግ ነው?» አለች ወርቅውሃ እንባዋን እየጠረገች። «ልጅህ አለ ተባልክ እኮ።»

«እንዲኖር ነው።»

«ነሐሴ ነው እኮ፣ ቤቱ ያፈሳል።»

«ያፍስስ» አለና ማሰሪያውን መቁረጥ ጀመረ። የሣር ክዳኑ ጥቀርሻ ዓይኑ ውስጥ እየረገፈ፣ አንዱን ወራጅ ዳስሶ ተወው፣ ሌላውን ዳስሶ ተወው፣ መስመሩ ያልሸሸውን እስኪያገኝ። አሚኑ ጨዉን ዝናብ ከማይደርስበት አስጠጋ። ወርቅውሃም ተነሥታ መሰላሉን ያዘችለት።